ፎቶው ላይ የሌለው ሰዓት ጠጋኝ

ኅዳር 3

እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ካሜራሽ ግን ደህና አይደለም። ስደውል አታነሺም፤ «ምኑ ነው የተበላሸው? በጽሑፍ ላክልኝ» ስላልሽ ይኸው ከነዝርዝሩ ጻፍኩልሽ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የምንሠራው የኮምፒውተር ጨዋታ ጥሩ እየሄደ ነበር። ተጫዋቹ ገበያው ውስጥ ይዞራል፣ ካሜራውን ያወጣል፣ ሰዎቹን ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶውን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ሰውየውም ደስ ሲለው ታሪኩን ያወራለታል። አንቺ እንደሠራሽው ነው፤ ማንም አልነካውም። ሰኞ ዕለት ሠዓሊያችን ብሩሽ የሳላቸውን አዳዲስ የሱቅ መጋረጃዎች ለማየት ገበያውን ስዞር ሰዓት ጠጋኙ ጋ ደረስኩ። ተቀምጧል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። ካሜራውን አወጣሁ፤ ስክሪኑ ላይ አሁንም አለ። ቁልፉን ተጫንኩ። ፎቶው ሲወጣ ሰውየው የለም።

ወንበሩ አለ። ጠረጴዛው አለ። የፈታታው ሰዓት አለ። ብሩሽ ግድግዳው ላይ አስቀድሞ የሳለው ጥላ እንኳን አለ። ጥላው ያለ ሰው ቁጭ ብሏል! እውነቱን ልንገርሽ፣ ከወንበሬ ብድግ ነው ያልኩት።

መጀመሪያ ካሜራው በጣም ቀርቦ ቆርጦት ይሆናል ብዬ ራቅ አልኩ። የለም። ብርሃኑ ይሆናል ብዬ ጨዋታውን ቀትር አደረግኩት። የለም። ጨዋታውን የምንሠራበትን ፕሮግራም፣ ኢንጅኑን፣ ዘግቼ ከፈትኩ፣ በሌላ ኮምፒውተርም ሞከርኩ። የለም። አጠገቡ ያለችው እንቁላል ሻጭ ግን አሳምራ ትወጣለች። ድመቷም ትወጣለች። ከገበያው ሰው ሁሉ ካሜራው የጠላው እሱን ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ባልተብሰለሰልኩ። ግን ለሰዓት ጠጋኙ የሰጠነው የአባዬን ፊት ነው። ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጠን፣ «እንደ ሙሽራ አሰለቻችሁኝ» እያለ፣ ዙሪያውን እየዞርን ያነሳነው ፊቱ። ፎቶው ሲሰጠው የሚስቀው ሳቅም የራሱ የአባዬ ሳቅ ነው። አለቃ ነገሩን ሲሰማ፣ «አሳታሚው ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው፤ አስተካክለው» ብሎኛል። የሚመጣው በወሩ መጨረሻ ነው። ካልወደደልን ኮምፒውተሮቹን ጨርቅ አልብሰን መበታተን ነው፤ ይኼን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

እስኪ አስቢ፤ ከመሄድሽ በፊት የነካካሽው ነገር ነበር?

አባዬስ ጉንፋኑ አልለቀቀውም? በጠየቅኩሽ ቁጥር «ተኝቷል» ብለሽ ትጽፊልኛለሽ። ያ ሰውዬ ከመቼ ወዲህ ነው ቀን የሚተኛው? ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ወጥቶ እንኳን ከዶሮ ቀድሞ የሚነሳ ሰው። ሳሚልኝ።

ምስጥሽ


ኅዳር 6

ምስጤ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ። ጣሪያውን የሚቀይሩት ሰዎች ግቢውን በቆርቆሮና በምስማር ሞልተውት ኮምፒውተሬን የማስቀምጥበት ቦታ አጥቼ ነው። መዶሻው ቀኑን ሙሉ ነው። ስልክ የማላነሳውም ለዚያ ነው፤ ማን ማንን ሊሰማ?

አባዬ ደህና ነው። ጉንፋኑ ወደ ደረቱ ወርዶ ድምፁን ዘጋው፤ ሐኪሙም ብዙ እንዳያወራ ከልክሎታል። ሰላም ብሎሃል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። በመልእክት «ዛሬ ምን ለብሷል?» ያልከኝ አስቆኛል። ያን ቡናማ ሹራቡን ነዋ! ምን ይለብሳል ታዲያ?

ካሜራውን በተመለከተ፣ ችግሩ ሰዓት ጠጋኙ ላይ ይመስለኛል። እንቅስቃሴውን እንደ አዲስ ጫነው። ካልሆነ የቆዳውን ቀለም እይ። እሱም ካልሆነ ደግሞ ተወው። ለአሳታሚው እንቁላል ሻጯን አሳዩት፤ የእሷ ታሪክ ከእሱ አያንስም። ሰው የሚፈርደው በወጣው ፎቶ ነው እንጂ ባልወጣው አይደለም።

ደግሞ እባክህ ሰው አትጠርጥር። መጠርጠር ስትጀምር ማቆሚያ የለህም። ልጅ ሆነህ ስኳሩ ሲጎድል ጉንዳኖቹን አንድ በአንድ የምትመረምር ሰው ነህ።

መቼ እንደምመለስ ጣሪያው ሲያልቅ እነግርሃለሁ።

እትዬ


ኅዳር 11

እትዬ፣

ሰላም ነው? ጣሪያውስ አለቀ? የላክሽልኝን አጭር መልእክት አይቻለሁ። አልተቆጣሁም፤ ግን «አልተቆጣህም አይደል?» ብለሽ መጠየቅሽ ራሱ አስገርሞኛል። በምን ልቆጣ?

ያልሽኝን ሁሉ አደረግኩ። እንቅስቃሴውን ጫንኩ፣ ቀለሙን ፈተሽኩ። ምንም። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ተጫዋቹ የሚያይበት ካሜራና ፎቶ የሚያነሳው ካሜራ ሁለት ናቸው። ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። አንዱ ያየዋል፣ ሌላው አያየውም። እንግዲያው ችግሩ ሰውየው ላይ አይደለም፣ ካሜራው ላይ ነው። አንቺ ደግሞ ካሜራውን የሠራሽው ሰው ሆነሽ ሳለ ሰውየውን እንድፈትሽ ላክሽኝ። ደክሟት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

የፎቶ ካሜራውን ሆድ ከፈትኩ። ምን ምን እንዲያይ የሚነገርበት ቦታ አለ አይደል? ሰዎች፣ ዕቃዎች፣ እንስሳት፣ እያለ የሚወርደው። ከሁሉም ስር አዲስ ክፍል ተጨምሯል። ስም የለውም። ፊት ለፊቱ ያለው ምልክት ጠፍቷል፤ ይኼን አትይ ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እትዬ፣ ይኼ ብልሽት አይደለም። ብልሽት እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። የሰው እጅ ነው። ሳቁንም ሄጄ አየሁት። ፋይሉ አለ፤ ድምፁ ግን እስከ መጨረሻው ዝቅ ተደርጓል።

ምልክቱን አበራሁት። አባዬ ቁጭ ብሎ ወጣ! ደስ ብሎኝ ምሳ በላሁ። ተመልሼ ስከፍተው ምልክቱ ጠፍቷል። ፎቶው ላይ ባዶ ወንበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ብሩሽ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ስለ ፊቱ ስንከራከር፣ «የሰው አባት እንዴት ጨዋታ ውስጥ ይገባል? እኔ ልሳልላችሁ» ያለው እሱ እንደሆነ አልረሳሽም።

«ነካኸው?» አልኩት።

ማዳመጫውን አወለቀ። «ምኑን?»

«ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«አላውቅም፤ ንገረኝ።»

«ሰዓት ጠጋኙን ማን ነው የሚያጠፋብኝ?»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። እንዲህ ሲያየኝ ደግሞ ይበልጥ ጠረጠርኩት። «ስማ፣ አንተ የጠፋብህ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ዘንድ አትፈልገው» አለኝና ስክሪኑን ታቅፎ መስኮቱ ጋ ሄዶ ተቀመጠ። እስካሁን አንነጋገርም። ሻይ ሲያፈላ እንኳን ለእኔ ሲደርስ ያልቅበታል።

ሌላም ነገር አለ። ቅዳሜ አክስታችን ቤት ሄጄ ነበር። በሩን ስትከፍት አየችኝና አቀፈችኝ፤ አልለቅ አለችኝ። በልቻለሁ ብላት ደግማ አቀረበች። ስወጣ ደረጃው ድረስ ተከትላኝ፣ «አይዞህ የወንድሜ ልጅ» አለችኝ። «ምን ሆኜ ነው አይዞህ የምባለው?» ስላት፣ «ሥራው ይከብዳል ብዬ ነዋ!» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራረገች። ሽንኩርት አልከተፈችም፤ ወጥ ቤቱን አይቻለሁ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ መመንጠር አልፈልግም። አባዬን በስልክ አገናኚኝ። ማውራት ካልቻለም ችግር የለም፣ ሲያስል ልስማው።

ምስጥ


ኅዳር 12

ምስጤ፣

ብሩሽን ዛሬውኑ ይቅርታ ጠይቀው። እሱ አይደለም። እንዴት አወቅሽ አትበለኝ።

አክስታችን ዕድሜ ተጫጭኗት ነው። ሰው ስታይ ሆዷ ይባባል። ደግሞ አንተ ሳትደውልላት ከርመህ ድንገት ስትገባባት ምን ታድርግ?

አባዬን በስልክ አገናኚኝ ላልከው፣ ድምፁ ገና ነው። ቢያንስ በእጁ አንድ መስመር ይጻፍልኝ ላልከው፣ እጁን ብርድ ብርድ ይለዋል። አሁን የተነሣ ፎቶውን ላኪልኝ ላልከው ደግሞ፣ ፎቶ መነሣት እንደማይወድ ታውቃለህ።

ሥራህን ጨርስ። የአሳታሚው ነገር ይለቅ፤ ከዚያ እኔ ራሴ መጥቼ ቁጭ ብለን እናወራለን። ሰዓት ጠጋኙን ተወው። እለምንሃለሁ፣ በእናታችን አፈር።

እትዬ


ኅዳር 14

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

ብሩሽን ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀላል አልነበረም። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ፤ ስዕሉን እየሳለ ቀና ሳይል፣ «ጨረስክ?» አለኝ። «አልጀመርኩም» አልኩት። ሳቀ፤ አለፈ። ከዚያ እሱ ራሱ፣ «ና እስኪ ሌባውን አብረን እንጠብቀው» አለኝና ኮምፒውተሬ ጋ መጣ። ምልክቱን አበራን። እሱ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆመ፤ እኔም እጆቼን ደረቴ ላይ አጣመርኩ። አሁን ማን ይነካዋል? ሻያችን ሳይቀዘቅዝ ምልክቱ ዓይናችን እያየ ጠፋ። ኢንጅኑ ደግሞ ከሩቅ ገብቶ የሚሠራ ሰው ሲኖር ስሙን ከጎን ያሳያል።

ያንቺን ስም ነው ያሳየው።

ብሩሽ ብርጭቆውን አንስቶ ወጣልኝ። መውጣቱ ከማንኛውም ነገር በላይ አሳፈረኝ፤ ስለ እኔ አይደለም፣ ስላንቺ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ክፉ ሐሳብ ነው። ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታ ይሆናል፣ እኛን ከአሳታሚው ፊት አዋርዳ ካሜራዋን ይዛ ልትሄድ ነው አልኩ። አለቃም ቢሰማ ይኼንኑ ነው የሚለው። ለእሱ አልነገርኩትም። ግን ያ ቢሆን ካሜራውን ታበላሺ ነበር፤ አንድ ሰው ለይተሽ አታወጪም ነበር። ይኼን ሳስብ ነው ሌላው ነገር የመጣብኝ።

ፊቱ ከፎቶ ወጣ። ሳቁ ተዘጋ። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። እጁ አይጽፍም። እህቱ እኔን ስታይ ታለቅሳለች። አንቺ በእናታችን አፈር ትለምኛለሽ፤ አንቺ እኮ ምላ የማታውቅ ሰው ነሽ!

እትዬ፣ አባዬ አለ?

ጨዋታው እስኪያልቅ አይነገረው ተብሎ ተመክሮብኝ ነው? መርዶ ሥራ የሚበዛበት ሰው ጋ ተራ ይጠብቃል? እኔ እዚህ የገበያ መጋረጃ ሳስተካክል እናንተ እዚያ ቀብራችሁት ጣሪያ ነው የምትቀይሩት?

አንድ ጥያቄ አለኝ። መልሱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። መኪና ሲያስተምረኝ የሰው አጥር ላይ ወጥቼ ነበር። መኪናው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። የአጥሩ ባለቤት እየጮኸ ሲመጣ አባዬ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አንድ ነገር አለው። ምን አለው?

ጠይቂውና ጻፊልኝ። መልስሽ ካልደረሰኝ አውቶቡስ ላይ ነኝ።


ኅዳር 15

ወንድሜ፣

«አጥሩ ነው የመጣብን።»

ይኸው መልስህ። በግራ እጁ ነው የጻፈው። እያንዳንዷን ፊደል ሲጽፍ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባኝ ስጠብቅ ነበር። ጨርሶ ሲያሳየኝ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እያለቀሰ መስሎኝ ልይዘው ስል፣ እየሳቀ ነው።

አባዬ አለ። መጀመሪያ ይኼን ያዝልኝ፤ አለ።

ጉንፋን አይደለም። ስትሮክ ነው። የመጣሁትም ለጣሪያ አይደለም፤ ጎረቤት ደውሎልኝ ነው። የቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። ፊቱ ወደ አንድ ወገን ተስቧል። ይሰማል፣ ሁሉን ይረዳል፤ ቃል ግን አይወጣለትም። የምጽፈውን ስታነብ እየተቀነሰልህ እንዳይመስልህ፣ ይኼው ነው፤ ያስቀረሁት የለም። መዶሻው እውነት ነው፤ ከመኝታው እስከ መታጠቢያው ድረስ የሚይዘው ብረት ግድግዳው ላይ ሲያስሩለት ነው። ስልክ የማላነሳው ግን በመዶሻው አይደለም። በጽሑፍ መዋሸት እችላለሁ፤ በድምፄ አልችልም። «እትዬ» ስትለኝ ያልቅልኛል።

ለምን ደበቅሽኝ ትላለህ። ሆስፒታል እያለ ስልኬን አሳይቼው፣ «ልንገረው ወይ?» አልኩት። ደህናውን እጁን አንስቶ ወዲያ ገፋ። ደግሜ ጠየቅኩት፤ ደግሞ ገፋ። አይነገረው፣ ሥራውን ይጨርስ ማለቱ ነው። አክስታችንንም በዚሁ አስማልኳት።

ወደ ቤት ከገባን በኋላ ደስ ይበለው ብዬ ጨዋታውን ከፈትኩለት። ሰዓት ጠጋኙ ፎቶውን ተቀብሎ ያን ሳቅ ሲስቅ፣ አባዬ ስክሪኑን በእጁ ገፋው። ዓይኑ እንባ ሞላ። የድሮ ፊቱን ማየት አልቻለም። እኔም አልቻልኩም። ያ ሳቅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀርቶ እሱ አጠገቤ ድምፅ አልባ ሆኖ ቁጭ ብሎ... በማግስቱ ከፎቶው አወጣሁት። አንተ ባበራኸው ቁጥር አጠፋሁት። የሌላ አገር ሰው ሁሉ እየሳቀ ፊቱን እንዲያነሳው አልፈለግኩም፤ ለእሱ ብዬ ነው።

በሌባ ዓይን እንዳየኸኝ ገብቶኛል። አልፈርድብህም።

ብቻ አትምጣ። አሳታሚው የሚመጣበት ቀን ደርሷል። አባዬም እንዲህ ሆኖ እንድታየው አይፈልግም።

እትዬ


ኅዳር 26

እትዬ፣

አትምጣ ብትዪኝም መጥቼ፣ ይኸው በሰላም ተመልሼ ገባሁ። የቋጠርሽልኝን ዳቦ ግማሹን አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት በሉት፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

በሩ ላይ ስታይኝ ያልሽኝን አልጽፈውም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። እኔ ያልኩሽንም ይቅር በይኝ። ሰው መንገድ ላይ ሙሉ ቀን ሲናደድ ውሎ ሲደርስ፣ የተናደደውን አንዴ ካላራገፈው አይገባም።

«እነዚያን ቀናት ሁለታችሁ ስትቀሩ ምን ስትሠሩ ነበር?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ እሺ ልንገርሽ። አንቺ መድኃኒት ቤት ስትሄጂ ኮምፒውተሬን ከፈትኩለት። እንደ ነገርሽኝ በእጁ ገፋው። አዎ፣ እውነቷን ነው፣ አይፈልግም አልኩና ልዘጋው ስል እጄን ያዘኝ። እንደገና ገፋ፤ አሁን ግን አየሁት። ስክሪኑን አልነበረም የሚገፋው። ከስክሪኑ ጎን ወዳለው ማውስ ነው እጁን የሚሰድደው፤ እሱ ደግሞ በቀኝ በኩል ነበር፣ አይደርስበትም።

ወደ ግራው አዛወርኩለት።

አባዬ ገበያውን ዞረ እትዬ! ግድግዳ ጋ እየተላተመ፣ እንቁላል ሻጯን ከኋላዋ እያነሳ፣ የድመቷን ጭራ ብቻ ፎቶ እያወጣ። «ሹፌር ነኝ ይላል እንዴ ይኼ ሰው?» አልኩት። በዚያ በግማሽ ፊቱ ሳቀብኝ። ድምፅ የለውም፣ ሳቅ ግን ሳቅ ነው።

ከዚያ ሰዓት ጠጋኙ ጋ ደረሰ። አነሳው። ባዶ ወንበር ወጣ። ቀርቦ አነሳው። ባዶ ወንበር። ማውሱን ለቀቀና ወረቀቱን ሳበ። አንድ ቃል ነው የጻፈው።

«ሞትኩ?»

«የለም አባዬ» አልኩት። ፊቴን ያየኝ ነበር፤ ሐኪም ፊት ቁጭ ብለሽ፣ ወረቀቱን እስኪያነብ ፊቱን እንደምታዪው። ለካ እሱም ሲጠረጥር ነው የከረመው። እኔና አንቺ በረንዳ ላይ በሹክሹክታ ስንጣላ፣ ጎረቤት ሲገባ ዝም ሲባል፣ አክስታችን ደውላ ስታለቅስ፣ ሞቱ ለሁላችን ተነግሮን እሱ ብቻ የቀረ መስሎት ነበር።

«እትዬ ናት ያወጣችህ፤ አትፈልግም መስሏት ነው» አልኩት። ግንባሩን ቋጠረ። «እኔ እንዳይነገረኝም ያልከው አንተ ነህ አይደል?» አልኩት። ይኼኔ ተቆጣ። ስልኬን ጠቆመ፤ ቀጥሎ እጁን አንስቶ ወዲያ፣ ወደ በሩ፣ ወደ መንገዱ ገፋ። ደገመው። ደግሞም ደገመው፤ እስኪገባኝ ድረስ።

እትዬ፣ አይነገረው ማለቱ አልነበረም። ወዲያ፣ እኔ ወዳለሁበት፣ ደውይለት ማለቱ ነበር። «ጥሪው» ነው ያለሽ። ከዚያ፣ «ጠበቅኩህ» ብሎ ጻፈልኝ።

ይኼን ልንገራት ወይስ ልተወው እያልኩ አውቶቡሱ ውስጥ ከራሴ ጋር ስከራከር ነው የመጣሁት። ትጎዳለች፣ ከእሱ ጋር ያለችው እሷ ናት፣ ማንም ያልቻለውን የቻለች እሷ ናት፣ ምን ይጠቅማታል አልኩ። ኋላ ላይ የማወራው ወሬ ያንቺ ወሬ መሆኑን ሰማሁት። ስለዚህ ነገርኩሽ። ስታለቅሺ ታይቶኛል። አልቅሺ፤ ግን እሱ ፊት አልቅሺ፣ ሌላ ክፍል እየገባሽ አይሁን።

አሳታሚው መጥቶ ሄዷል። አለቃ በመሄዴ ሊበላኝ ደርሶ ነበር፤ በእኔ ቦታ ቆሞ ያቀረበው ብሩሽ ነው። ከአባዬ ጋር ሆኜ ደውዬ፣ «አብራው፤ ሳቁንም መልሰው» ብዬው ነበር፤ አንቺም ያን ቀን አላጠፋሽውም። ብሩሽ እንዳለው ሰውየው ሁሉንም ነገር ፊቱን አጨፍግጎ ሲያይ ቆይቶ፣ ሰዓት ጠጋኙ ሲስቅ አብሮት ሳቀ። እንቀጥል ብሏል። ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ አይለብሱም።

ምስጥሽ


ታኅሣሥ 2

ምስጤ፣

ደብዳቤህን አንብቤ ሁለት ቀን አኮረፍኩህ። ከዚያ ራሴን። አሁን ማኩረፉ ደክሞኛል።

ሄጄ ጠየቅኩት። «ያኔ ስልኩን ሳሳይህ፣ ደውይ ነው ወይስ አትደውይ?» አልኩት። «ደውይ ነው?» ብዬ ስደግምለት ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። በሙሉ ልቤ የማውቀው ነገር ነበር እኮ! የአባቴን የእጅ ምልክት ከእኔ በላይ ማን ያውቃል ብዬ ለሐኪሙ ሳይቀር እተረጉም ነበር። አሁን የትኛውን በትክክል እንደተረጎምኩ አላውቅም። ውሃ ሲፈልግ ስንት ጊዜ መስኮት ከፍቼበት ይሆን?

እሱ ፊት አለቀስኩ፤ እንዳልከው። በደህናው እጁ ሹራቤን ይዞ ወደ ታች ጎተተኝ፤ ቁጭ በይ ማለቱ መስሎኝ ቁጭ አልኩ። ይኼን እንኳን አገኘሁት። ወይም መቀመጤን ሲያይ ተወኝ።

አሁን ፊደላቱን በትልቁ ጽፈን ጠረጴዛው ላይ ለጥፈንለታል። ይጠቁማል፣ ይሳደባል፣ ጨው አነሰው ይላል። ሐኪሙ ቀኝ እግሩ ትንሽ መልስ እየሰጠ ነው አለ፤ እጁን ግን ተስፋ አልሰጠንም። ይኼን ለእሱም ነግሬዋለሁ፤ እንደ ድሮው ቢሆን ኮሪደር ላይ ነበር የማስቀረው። ሰማና ወደ ግድግዳው ዞረ። ራት ላይ ግን በላ።

ስልክም አነሳለሁ። እስኪ ደውልና ሞክረኝ።

ብሩሽ በአንተ በኩል፣ «የሰዓት ጠጋኙን ፊት እንደ ነበረ እንተወው ወይስ እንቀይረው?» ብሎ ላስጠየቀኝ፣ መልሱ የእኔ አይደለም። ስለ አባዬ ለአባዬ ሳልነግር የምመልሰው ጥያቄ አብቅቷል። ጥያቄውን አነበብኩለት። ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ጎተተው። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ነው፤ በአንድ ጣቱ ነው የጻፈው። እንዳትነኪው ብሎኛል።

እትዬ


ፊቴን ተዉት። አምሮበታል።

ግን ሰውየው በቀኝ እጁ ነው የሚሠራው። እኔ በግራ ነኝ። እሱም በግራ ይሥራ። መጀመሪያ ላይ ይዘገያል፤ አታጣድፉት።

አባታችሁ